ጤና አዳም ምንድን ነው?

ቡና ተቀድቶ ከሲኒው ጋር አንዲት አረንጓዴ ቅንጣቢ ከመጣች ስሟን መጠየቅ አያስፈልግም። ሽታዋ ይናገራል። ጤና አዳም ናት። ስንጠራት ቶሎ ብለን «ጤናዳም» እንላታለን። ትርጉሙ በግዕዙ አካሄድ «የአዳም ጤና» ነው። አዳም ሲባል ደግሞ ሰው ሁሉ አለበትና፣ ለአንድ የጓሮ ቅጠል ከዚህ የበለጠ ስም የሚወጣ አይመስለኝም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ጤና አዳም ከሎሚና ከብርቱካን ጋር አንድ ቤተሰብ መሆኗን ነው። ቅጠሏን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ እዩት። በመርፌ ጫፍ የተወጋ የሚመስሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉበት። ያ ሁሉ ሽታ የሚወጣው እዚያ ካለው ዘይት ነው። አበባዋ ቢጫ ነው፤ ጠርዙ እንደ ዘርፍ የተበጣጠሰ።

የትውልድ አገሯ የሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ነው። ከኛ ጓሮ በፊት ሌላ ዓለም ያውቃት ነበር። ሮማዊው ፕሊኒ በ1ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሠዓሊዎችና ቀራጮች ለዓይናቸው ሲሉ ይበሏት እንደነበር ጽፏል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ቁጥር 42 ላይም ፈሪሳውያን አሥራት ከሚያወጡባቸው አትክልቶች አንዷ ናት።

እኛ ቤት ግን ሥራዋ ብዙ ነው። ቅጠሏ ቡና ውስጥ ይነከራል፤ አይብ ላይ ተከትፎ ይገባል። ፍሬዋ ከበርበሬ ጋር ይደቆሳል። ሆድ ሲቆርጥ፣ እናቶች ከነጭ ሽንኩርት ጋር ወቅጠው ወይም በሻይ አፍልተው ይሰጣሉ። ቡዳ እንዳይቀርብ ተብሎም ትያዛለች።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል፤ ጤና የሚለው ስሟ ያዘናጋል። ለቡና አንዲት ቅንጣቢ ሌላ ነገር ነው፤ ጭብጥ ሙሉ ጨምቆ መጠጣት ሌላ ነገር ነው። ማህፀንን የማነቃቃት ኃይል ስላላት ነፍሰ ጡር እንደ መድኃኒት ልትወስዳት አይገባም። ጭማቂዋ ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ያቃጥላል፤ ውኃ እስኪቋጥር ድረስ። በጠራራ ፀሐይ ስትቆርጧት እጃችሁን ሸፍኑ፤ ከዚያም በሳሙና ታጠቡ።

ለቡናው ከሆነ ጫፏን ብቻ ቀንጥቡ። ሲኒው ውስጥ አንዴ አማስላችሁ አውጧት፤ ከቆየች ትመራለች።