«ኤርፖርቱ ቀድሟችሁ ነበር»፦ ስለ አውሮፕላን ድምፅ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአውሮፕላን ማረፊያ ጎረቤቶች ቅሬታ በሚነሣበት ስብሰባ ሁሉ አንድ ሰው ተነሥቶ «ኤርፖርቱ እኮ ቀድሟችሁ ነበር፤ እዚያ ኑሩ ያላችሁ ማን ነው?» ማለቱ አይቀርም። ንግግሩ ይጨበጨብለታል፤ ብዙ ጊዜም ውይይቱ እዚያው ላይ ያበቃል። ሙያው ድምፅ መለካት ለሆነ ሰው ይህን አባባል ደጋግሞ መስማት ትዕግሥት የሚፈታተን ነገር ነው። ወደ እርሱ ከመድረሴ በፊት ግን ቀለል ያሉትን ስሕተቶች ላንሣ።

«ዛፍ ቢተከል ድምፁ ይቀንሳል።» ድምፁ የሚመጣው ከላይ ነው፤ ዛፉ ለጥላ ይተከል።

«አብራሪው ቢፈልግ በሌላ በኩል ማለፍ ይችላል።» አውሮፕላን የሚነሣውም የሚያርፈውም ነፋስን ፊት ለፊት ገጥሞ በመሆኑ አቅጣጫውን በአመዛኙ የሚወስነው ነፋሱ ነው፤ ለማረፍ ሲቃረብም የመጨረሻዎቹን በርካታ ኪሎ ሜትሮች ከማኮብኮቢያው ጋር በቀጥታ ተሰልፎ ይወርዳል። ከተነሣ በኋላ የሚይዘው መስመር ግን ሊስተካከል የሚችልበት ዕድል ሰፋ ያለ ስለሆነ፣ ነዋሪዎች ክርክራቸውን እዚያ ላይ ቢያደርጉት ይሻላቸዋል።

«የሌሊት በረራ ቢታገድ ነገሩ ያልቃል።» ፍራንክፈርት ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት የታቀደ በረራ አያስተናግድም። ቦሌ ግን ከአፍሪካ ከተሞች የሚመጡ መንገደኞችን ማታ ተቀብሎ በሌሊት ወደ አውሮፓ፣ ወደ እስያና ወደ አሜሪካ የሚያሸጋግር ማዕከል ስለሆነ፣ እገዳው የሚነካው የሥራውን እምብርት ነው። የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ2001 (እ.ኤ.አ.) ያጸደቀው አካሄድ አራት መንገዶችን ያስቀምጣል፤ እነርሱም ድምፁን ከአውሮፕላኑ ከራሱ መቀነስ፣ የመሬት አጠቃቀምን ማቀድ፣ የአበራረር ሥርዓትን ማስተካከል እና በረራን መገደብ ናቸው። ገደብ የሌሎቹ ጥቅም ሳይመዘን ቀድሞ የሚወሰድ እርምጃ እንዳይሆንም ያሳስባል።

«የድምፁ አማካይ ከገደቡ በታች ስለሆነ ችግር የለም።» ይህ ደግሞ የኃላፊዎች ስሕተት ነው። የድምፅ መለኪያው ዴሲቤል እንደ ስንዴ ኪሎ አይደመርም፤ ተመሳሳይ አውሮፕላኖች እስከሆኑ ድረስ የበረራው ቁጥር በእጥፍ ሲያድግ አማካዩ ከፍ የሚለው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ስለዚህ በሪፖርቱ ላይ ከቁጥር የማይገባ የሚመስለው ለውጥ፣ በነዋሪው ጣሪያ ላይ 100 የነበረው በረራ 200 መሆኑን ሊደብቅ ይችላል። የተኛን ሰው የሚቀሰቅሰውም የዓመቱ አማካይ ሳይሆን በዚያች ደቂቃ ያለፈው አውሮፕላን ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ስሌት በሌሊት በረራ ላይ 10 ዴሲቤል የሚታከለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮም በ2018 (እ.ኤ.አ.) የሌሊቱ የአውሮፕላን ድምፅ ከ40 ዴሲቤል በታች እንዲሆን የመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። ከአማካዩ ጋር በሌሊት ስንት አውሮፕላን እንዳለፈና ከፍተኛው ድምፅ ስንት እንደነበረ የማያቀርብ ኃላፊ፣ ስብሰባውን ባይጠራ ይሻለዋል።

«አዲሶቹ አውሮፕላኖች ድምፅ የላቸውም።» ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ከቀደሙት በግልጽ እንደሚሻሉ አልክድም። ይሁን እንጂ በማረፍ ጊዜ ከሞተሩ ባልተናነሰ የሚሰማው፣ ከተዘረጉት ጎማዎችና ከክንፉ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ጋር የሚጋጨው አየር ነው። በኤርባስ ኤ320 ክንፍ ሥር ባሉ ክብ ቀዳዳዎች ላይ አየር ሲያልፍ የሚፈጠረውን ፉጨት የጀርመኑ አየር መንገድ ሉፍታንዛ ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቀነሰው፣ ሞተር ቀይሮ ሳይሆን ትንሽ ብረት ገጥሞ ነው። በዚያ ላይ አንድ የአውሮፕላን ዓይነት የድምፅ ገደቡን ማሟላቱ የሚረጋገጥባቸው ቁጥሮች የሚሰሉት በባሕር ጠለል ሁኔታ ነው፤ ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል። እዚህ አየሩ ስስ በመሆኑ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ ረዘም ላለ ርቀት ይንደረደራል፤ ከተነሣም በኋላ ከፍታ የሚይዘው ቀስ ብሎ ስለሆነ ቤቶች ላይ የሚደርሰው ዝቅ ብሎ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ቀድሞ ነበር የሚባለው የትኛው ኤርፖርት ነው? ቦሌ የተሠራው የልደታው ማረፊያ ለጄት አውሮፕላን ስላልበቃ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቦይንግ 720 የጄት አገልግሎት የጀመረው በ1955 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን የነበረው ቦሌ፣ በ1995 ዓ.ም. አዲስ ተርሚናል የተመረቀለት ቦሌ፣ እንዲሁም በ2011 ዓ.ም. በተደረገ ማስፋፊያ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ ማስተናገድ እንዲችል የተደረገው ቦሌ በስም እንጂ በድምፅ አንድ አይደሉም። በደርግ ዘመን ቤት ሠርቶ የገባ ሰው የተቀበለው የዚያን ጊዜውን ጎረቤት ነው።

«ኑሩ ያላችሁ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄም መልስ አለው። በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ቦታ የሚሰጠው፣ የግንባታ ፈቃድ የሚፈርመውና ኮንዶሚኒየም የት እንደሚሠራ የሚወስነው ነዋሪው አይደለም። የማውቃቸው አንዲት ጡረተኛ መምህርት በ1997 ዓ.ም. ተመዝግበው፣ ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ ዕጣ የወጣላቸው ሰሚት፣ በማኮብኮቢያው የምሥራቅ አቅጣጫ ላይ ነው። መስኮታቸው ነጠላ መስታወት ነው፤ አውሮፕላን ሲያልፍ የስልክ ንግግራቸውን ያቋርጣሉ። እሳቸውን «አስበው ይምጡ ነበር» ማለት፣ ዕጣውን መልሰው ሌላ አሥር ዓመት ይጠብቁ ማለት ነው። ሁሉን እያወቀ፣ በዋጋው መቀነስ ተስቦ ቪላ የገዛ ሰው ካለ፣ አባባሉ ለእርሱ በከፊል ይሠራ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ግን በስብሰባዎቹ ላይ ብዙም አይታይም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ አቡሴራ በሚባለው ቦታ፣ ለሚሠራው ታላቅ አየር ማረፊያ ስል ነው። ባዶ ሜዳ ላይ ከተሠራ ጎረቤት የለውም ብሎ መዘናጋት አይገባም። የአሜሪካዋ ከተማ ዴንቨር በ1995 (እ.ኤ.አ.) ቤቶች የከበቡትን የቀድሞ ማረፊያዋን ዘግታ፣ ከ130 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሜዳ ላይ አዲስ ብትሠራም፣ ድምፁ በኮምፒውተር ስሌት ይታወቅ ወይስ በመለኪያ መሣሪያ በሚለው ጉዳይ ከጎረቤቷ ከአዳምስ አውራጃ ጋር ፍርድ ቤት ቆማለች። ስለዚህ በአቡሴራ ዙሪያ የዛሬው ጸጥታ ግንባታው ሳይገፋ ይለካ፤ የመለኪያው ዘዴ ከወረዳዎቹ ጋር በጽሑፍ ይፈረም፤ በበረራ መስመሩ ሥር ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና መኖሪያ እንዳይፈቀድ በፕላኑ ላይ ይሥፈር፤ ከዚህ ውጭ ለሚቀሩት ቤቶች ድርብ መስታወት ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ይወሰን። ለቅሬታም በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም የሚመልስ አንድ የስልክ መሥመር ይከፈት፤ መዝገቡም ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ያለፈውን አውሮፕላን ዓይነት፣ የተሰጠውን ምላሽ እና ምላሹን የፈረመውን ኃላፊ ስም ይያዝ።