ሮኒ ባርከር፦ በብዕር ስም የተደበቀው ኮሜዲያን

እንግሊዛዊው ሮኒ ባርከር በአገሩ ሰው ዘንድ በዋናነት የሚታወቀው በትወናው ነው። ብዕሩም ግን ከትወናው አያንስም። እንዲያውም ለእኔ የሕይወቱ አስገራሚ ክፍል እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1929 ቤድፎርድ ተወልዶ ኦክስፎርድ አደገ። ለአጭር ጊዜ ባንክ ተቀጥሮ ነበር፤ ልቡ ግን ቲያትር ጋ ስለነበር በ1948 ኤይልስበሪ ውስጥ ከአንድ የቲያትር ቡድን ጋር መሥራት ጀመረ። ቀጥሎ ሬዲዮ፣ ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ። በ1966 በቴሌቪዥን አቅራቢው ዴቪድ ፍሮስት ፕሮግራም ላይ ከኮሜዲያኖቹ ጆን ክሊስና ሮኒ ኮርቤት ጋር አብሮ ሠራ። ሦስቱ በቁመት ተሰልፈው የእንግሊዝን የመደብ ልዩነት ያሳዩበት ጭውውት እስከ ዛሬ ይታያል። ረጅሙ ክሊስ ባላባት፣ ባርከር መካከለኛው፣ አጭሩ ኮርቤት ደግሞ ወዛደር ነው።

ነገሩ የሚጣፍጠው ከዚህ በኋላ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ለፍሮስት ፕሮግራም ጄራልድ ዋይሊ የሚባል ሰው ጽሑፍ መላክ ጀመረ። ፊቱን ያየው የለም። ጽሑፉ በጣም ጥሩ ስለነበር አንዳንዱ ታዋቂው ጸሐፌ ተውኔት ቶም ስቶፓርድ ነው ብሎ ጠረጠረ። ባርከርም እንዳይነቃበት የዋይሊን ጽሑፍ በሰው ፊት ይተች ነበር። ኮርቤት አንዱን ጭውውት ወዶት ሊገዛው ቢጠይቅ፣ በወኪሉ በኩል ሦስት ሺህ ፓውንድ ተባለ። ተወደደበት። በመጨረሻ በነፃ ተሰጠው። ኋላ ባልደረቦቹ በአንድ የቻይና ምግብ ቤት ራት ላይ ዋይሊን ለመተዋወቅ ሲጠብቁ፣ ባርከር ብድግ ብሎ «እኔ ነኝ» አለ። መጀመሪያ ያላመኑትም ነበሩ።

ይህን ሁሉ የተደበቀው ጽሑፉ በስሙ ሳይሆን በራሱ እንዲመዘን ብሎ ነው። ታዋቂ ተዋናይ የጻፈውን ደካማ ነው ለማለት ማን ይደፍራል?

ከኮርቤት ጋር የሠሩት «ዘ ቱ ሮኒስ» ከ1971 እስከ 1987 በቢቢሲ ታየ። ብዙውን ጭውውት በዋይሊ ስም የጻፈው እሱ ነው። በጣም የታወቀው በ1976 የታየው የሱቁ ጭውውት ነው። ባርከር የመቆፈሪያ እጀታ ሲጠይቅ ባለሱቁ ኮርቤት አራት ሻማ ያወጣለታል፤ ሁለቱ በእንግሊዝኛ ሲጠሩ («ፎርክ ሃንድልስ» እና «ፎር ካንድልስ») አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ዕቃ ሁሉ በዚያው ይቀጥላል፤ የባለሱቁ ትዕግሥትም እያለቀ ይሄዳል።

ሌሎች የጻፉለት ሁለት ተከታታይ ድራማዎችም አሉ። «ፖሪጅ» ላይ ፍሌቸር የሚባል ብልጣብልጥ እስረኛ ነው። «ኦፕን ኦል አወርስ» ላይ ደግሞ አርክራይት የሚባል የሚንተባተብ ስስታም ባለሱቅ ሆኗል። የገንዘብ ማስቀመጫው መሳቢያ በኃይል ተመልሶ ሲዘጋ ጣቱን እንዳይቆርጠው እጁን ፈጠን አድርጎ ሲያወጣ ማየት ብቻውን ያስቃል።

ከዚያ በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ በቃኝ አለ። ከባለቤቱ ጋር ቺፒንግ ኖርተን ላይ የአሮጌ ዕቃዎች ሱቅ ከፈተ። በ2002 ስለ ቸርችል በተሠራ ፊልም ላይ የቸርችል አሽከር ሆኖ ተመለሰ። ከኮርቤት ጋር የሠራው የመጨረሻው የገና ፕሮግራም በጤናው ምክንያት አስቀድሞ በሐምሌ 2005 ተቀረጸ። ባርከር ጥቅምት 3 ቀን አረፈ፤ ፕሮግራሙ የታየው በታኅሣሥ ነበር።