ቶሩን፦ ጌቶቿን ያባረረች የነጋዴዎች ከተማ

ቶሩን በሰሜን ማዕከላዊ ፖላንድ፣ ቪስቱላ በተባለው የአገሪቱ ረጅም ወንዝ ዳር የምትገኝ አሮጌ ከተማ ናት። ከዋርሶ በስተሰሜን ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ የነዋሪዎቿ ቁጥርም 200,000 ገደማ ነው። ፖላንድን ለመጎብኘት የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ክራኮቭን ወይም ግዳንስክን ነው፤ ቶሩን ብዙ ጊዜ ኋላ ትጠቀሳለች። የመካከለኛውን ዘመን የንግድ ከተማ በቁሙ ማየት ለሚፈልግ ሰው ግን፣ በእኔ ሚዛን፣ የምትቀድመው እርሷ ናት። ዋርሶና ግዳንስክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈርሰው እንደ አዲስ የተሠሩ ናቸው፤ ዛሬ የምናደንቃቸው አሮጌ ሰፈሮቻቸው በአመዛኙ ከጦርነቱ ወዲህ የተተከሉ ናቸው። የቶሩን ግድግዳ ግን ያው የጥንቱ ግድግዳ ነው። ዩኔስኮ አሮጌውን ከተማ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1997 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ወንዙና ጡቡ

የከተማዋ ሀብትም መከራም የመጣው በወንዙ ነው። ቪስቱላ ከደቡብ ተራሮች ተነሥቶ ክራኮቭንና ዋርሶን አልፎ ወደ ባልቲክ ባሕር ይወርዳል። ቶሩን ሲደርስ ወደ ምዕራብ እየፈሰሰ ነው፤ ከዚያ ወረድ ብሎ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። የምድር መንገድ ወንዙን የሚሻገርበትና የወንዝ መንገድ ወደ ባሕር የሚወርድበት ቦታ ስለሆነ ለገበያ የተፈጠረ ስፍራ ነበር። በቀኙ ዳርቻ ለስንዴ የተመቸው የሄውምኖ ምድር፣ በግራው ዳርቻ ደግሞ የፖላንድ ነገሥታት ጥንታዊ ግዛት ኩያቪያ ይገኛል። አሮጌው ከተማ ያለው በቀኙ ነው፤ ዋናው የባቡር ጣቢያ ግን በግራው በኩል ስለሆነ በባቡር የሚመጣ እንግዳ ድልድዩን ተሻግሮ ነው የሚገባው። የከተማዋ መልክ ከነማማዎቿ ሙሉ ሆኖ የሚታየውም ከዚያው ከግራው ዳርቻ ነው።

በአካባቢው ለግንባታ የሚሆን ጥሩ ድንጋይ የለም። ሸክላ አፈር ግን ሞልቷል፤ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ቅጥሩም፣ የእህል ጎተራውም በቀይ ጡብ ተሠራ። በባልቲክ ዙሪያ ከተሞች ሁሉ የተለመደው የጡብ ጎቲክ አሠራር በቶሩን ከመንገድ እስከ መንገድ ሳይቋረጥ ይታያል።

ፈረሰኛ መነኮሳቱ

ከተማዋን የቆረቆሯት የቴውቶን ማኅበር የሚባሉት ጀርመናውያን ፈረሰኛ መነኮሳት ናቸው። እነዚህ ሰዎች በመስቀል ጦርነት ጊዜ በቅድስት ምድር የተቋቋመ ማኅበር አባላት ሲሆኑ፣ የማዞቪያው መስፍን ኮንራድ ገና ክርስትናን ካልተቀበሉት ፕሩሳውያን ጎረቤቶቹ ጋር እንዲዋጉለት ጠራቸው። የተጠራው እንግዳ ባለርስት ሆኖ ቀረ። ማኅበሩ ለቶሩን የከተማነት ቻርተር የሰጠው ታኅሣሥ 28 ቀን 1233 ነው። የመጀመሪያው ሰፈር ጎርፍ እያጥለቀለቀ ስላስቸገረ በ1236 አሁን ወዳለችበት ቦታ ተዛወረች። በ1264 ከአሮጌው ከተማ አጠገብ ሌላ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ አሮጌው የትላልቅ ነጋዴዎች፣ አዲሱ የእጅ ባለሙያዎች ሆኑ። ለየብቻቸው ቅጥር፣ አደባባይና ምክር ቤት ነበራቸው። በሁለቱ መካከል ወንዙን ተንተርሶ የማኅበሩ ምሽግ ቆመ።

ቶሩን ብዙም ሳትቆይ ሐንዛ የተባለው የሰሜን አውሮፓ የነጋዴ ከተሞች ኅብረት አባል ሆነች። ከፖላንድ እህልና እንጨት በቪስቱላ ይወርዳል፤ ከባሕሩ በኩል ጨው፣ ዓሣ፣ ከፍላንደርስ ደግሞ ጨርቅ ይመጣል። ነጋዴዎቹ ሲከብሩ የመነኮሳቱ ቀረጥና ትእዛዝ ከበዳቸው። ማኅበሩ በ1410 በግሩንቫልድ ጦርነት በፖላንድና በሊትዌኒያ ሠራዊት ድል ከተመታና በ1411 የመጀመሪያው የቶሩን ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ደግሞ የገንዘብ ችግሩን በከተሞች ጫንቃ ላይ አደረገው።

በ1440 ከተሞቹና የገጠሩ ባላባቶች የፕሩሲያ ኅብረት የሚባል ማኅበር መሠረቱ። በየካቲት 1454 የቶሩን ሰዎች ምሽጉን ከበው ያዙት፤ ከዚያም አፈረሱት። የንጉሥ ወታደር ሳይመጣ፣ ነጋዴውና አንጥረኛው ራሱ ያደረገው ነው። ቦታውን መልሰው አልሠሩበትም፤ ለዘመናት የቆሻሻ መጣያ ሆኖ ቆየ። ከዚህ የከፋ ስድብ ያለ አይመስለኝም። የሚያስቀው ደግሞ ከምሽጉ ሁሉ በሙሉ ቁመናው የተረፈው በትንሽ ጅረት ላይ የተሠራው የመጸዳጃ ቤቱ ማማ ነው። ፍርስራሹ ዛሬ ለጎብኚዎች ክፍት ነው። አሮጌውና አዲሱ ከተማ አንድ የሆኑትም በዚያው ዓመት ነው።

ዐመፀኞቹ የፖላንዱን ንጉሥ አራተኛ ካዚሚርን ጌታችን ሁን ብለው ጠሩት። ጦርነቱ ዐሥራ ሦስት ዓመት ፈጀ፤ የቶሩን ነጋዴዎችም ገንዘባቸውን አፈሰሱበት። ጥቅምት 19 ቀን 1466 በተፈረመው ሁለተኛው የቶሩን ስምምነት ማኅበሩ ምዕራባዊ ግዛቱን ለፖላንድ አስረከበ፤ በቀረው ላይም የንጉሡ ተገዥ ሆነ። ቶሩን በፖላንድ ዘውድ ሥር ራሷን በራሷ የምታስተዳድር፣ ሰፊ መብት ያላት ከተማ ሆነች። ብዙዎቹ ዜጎቿ በቤታቸው ጀርመንኛ እየተናገሩ ለፖላንድ ንጉሥ ታማኝ ነበሩ፤ ይህንን ያልተረዳ ሰው የሚቀጥለውን ክርክር አይረዳውም።

ኮፐርኒከስ የማን ነው?

ኒኮላውስ ኮፐርኒከስ ቶሩን ውስጥ የካቲት 19 ቀን 1473 ተወለደ። አባቱ ከክራኮቭ የመጣ ነጋዴ ነው፤ እናቱ ባርባራ ዋትሰንሮደ ከቶሩን ታላላቅ ቤተሰቦች ናት። የእናቱ አባት ከማኅበሩ ጋር በተደረገው ትግል ከከተማዋ ወገን የቆመ ሰው ነበር። ልጁ የዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆን አባቱ ስለሞተ፣ በኋላ የቫርሚያ ጳጳስ የሆነው አጎቱ ሉካስ አሳደገው፤ በክራኮቭና በጣሊያን ዩኒቨርሲቲዎችም አስተማረው። ምድር በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር ያስረዳበት መጽሐፉ በ1543 በኑረምበርግ ታተመ፤ በዚያው ዓመት ፍሮምቦርክ በተባለች የባሕር ዳር ከተማ አረፈ። በቶሩን የሠራው ሥራ የለም፤ የልጅነት ከተማው ብቻ ናት። ክርስትና የተነሣበት ነው የሚባለው መጠመቂያ በቅዱሳን ዮሐንስ ካቴድራል ይታያል።

ጀርመናውያንና ፖላንዳውያን በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዘመን «የእኛ ነው» እያሉ ብዙ ቀለም አፍስሰውበታል። ጥያቄው ራሱ ለዘመኑ ባዕድ ነው። ሰውየው የፖላንድ ንጉሥ ተገዥ ነበር፤ ደብዳቤ በጀርመንኛ ይጽፋል፤ ሳይንሱን በላቲን ጽፏል፤ ንጉሡን ከቴውቶኖች ጥቃት ለመከላከልም የኦልሽቲንን ምሽግ አዘጋጅቷል። በአሮጌው አደባባይ የቆመለት ሐውልት የተሠራው በ1853፣ ከተማዋ በጀርመናዊቱ የፕሩሲያ መንግሥት እጅ ሳለች ነው። የላቲን ጽሑፉ ግን ለማንም አያዳላም፦ «የቶሩኑ ኒኮላውስ ኮፐርኒከስ፣ ምድርን ያንቀሳቀሰ፣ ፀሐይንና ሰማይን ያቆመ» ይላል።

ከአደባባዩ ወደ ማማው

ሐውልቱ የቆመው በጡብ ከተሠራው ታላቁ ማዘጋጃ ቤት አጠገብ ነው። ሕንፃው በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አሁን ያለውን ቅርጽ ያዘ፤ ገበያም፣ ፍርድ ቤትም፣ የምክር ቤት አዳራሽም ነበር። በ1703 የስዊድኑ ንጉሥ ቻርልስ ዐሥራ ሁለተኛ ከተማዋን ሲከብ ተቃጠለ፤ ኋላ ታደሰ። ዛሬ ሙዚየም ነው። በአደባባዩ ላይ የነሐስ አህያ ቆሟል፤ ልጆች ሲጋልቡት ይታያሉ። ነገሩ ግን የቀድሞ የቅጣት መሣሪያ መታሰቢያ ነው፦ ጥፋተኛ ወታደር ጀርባዋ እንደ ስለት በሾለ የእንጨት አህያ ላይ ተቀምጦ በእግሮቹ ክብደት ይታሰርበት ነበር።

ካቴድራሉ ውስጥ «የእግዚአብሔር መለከት» የሚባል፣ በ1500 የተቀረጸ፣ ከ7 ቶን በላይ የሚመዝን ደወል አለ። ከሃያ ዓመት በኋላ የክራኮቭ ዚግሙንት ደወል እስኪሠራ ድረስ በፖላንድ የሚስተካከለው አልነበረም። በወንዙ በኩል ያለው የማማው ሰዓት አንዲት ዘንግ ብቻ አለችው። የተሠራው በቪስቱላ ግንድና እህል ለሚያወርዱ ሰዎች ነው፤ ለእነርሱ ደቂቃ ምን ያደርግላቸዋል?

ዘንበል ያለው ማማ ከቅጥሩ ማማዎች አንዱ ነው። ቁመቱ 15 ሜትር ያህል ሲሆን ጫፉ ከመሠረቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ወጥቷል። ምክንያቱ ከሥሩ ያለው አሸዋማ መሬት ነው። አፈ ታሪኩ ግን የንጽሕና መሐላውን አፍርሶ ሴት የወደደ የቴውቶን መነኩሴ፣ ከቀናው መንገድ እንደ ወጣህ ቀና ያልሆነ ማማ ሥራ ተብሎ ተቀጣ ይላል። ጎብኚዎች ተረከዛቸውን ከግድግዳው አስጠግተው፣ እጃቸውን ዘርግተው ለመቆም ይሞክራሉ። ኃጢአት የሌለበት ሰው አይወድቅም ይባላል፤ ብዙ የቆመ ሰው የለም።

ማርና ቅመም

ቶሩን በፖላንድ ልጆች ዘንድ የምትታወቀው ከኮፐርኒከስ ይልቅ በፒየርኒክ ነው። ፒየርኒክ ከዱቄት፣ ከማር፣ ከዝንጅብል፣ ከቀረፋ፣ ከቅርንፉድና ከሌላም ቅመም የሚጋገር ጠቆር ያለ ጣፋጭ ነው። ዱቄቱ ከሄውምኖ ማሳ፣ ማሩ ከዙሪያው ጫካ፣ ቅመሙ ከሩቅ አገር በነጋዴ እጅ ይመጣል፤ ሦስቱ የሚገናኙበት ከተማ ፒየርኒክ ቢጋግር አያስደንቅም። የከተማዋ ፒየርኒክ ጋጋሪ በሰነድ የተጠቀሰው በ1380 ነው። ሊጡ ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ እንዲበስል ይተው ነበር፤ ሴት ልጅ ስትወለድ ተቦክቶ ለሠርጓ ይጋገር ነበር የሚል ወሬም አለ። ለነገሥታት ስጦታ የሚሆነው በባለሙያ በተቀረጸ የእንጨት ቅርጽ ታትሞ የባላባት፣ የሠረገላ ወይም የከተማዋን ምስል ይይዛል። ተወዳጁ ዓይነት ካታርዚንካ ይባላል፤ ስድስት ክቦች የተጣበቁ ይመስላል። የሙዚቃው ሊቅ ፍሬድሪክ ሾፓን በ1825 በዐሥራ አምስት ዓመቱ ቶሩንን ጎብኝቶ ለጓደኛው ሲጽፍ፣ ምሽጎቹንና የኮፐርኒከስን ቤት ከጠቀሰ በኋላ ከሁሉ የበለጠ የማረከው ፒየርኒኩ መሆኑን ነግሮታል። ዛሬ በኮፐርኒከስ ስም የሚጠራው ፋብሪካ ታሪኩን ከ1763 ጀምሮ ይቆጥራል።

የሃይማኖት ጠብ

በ16ኛው መቶ ዘመን አብዛኛው ሕዝብ ሉተራዊ ሆነ። የከተማዋ ጂምናዚየም ስመ ጥር የፕሮቴስታንት ትምህርት ቤት ነበር። የካቶሊኩ ንጉሥ ሦስተኛ ዚግሙንት እኅት የሆነችው ሉተራዊቷ አና ቫሳ በ1625 ስትሞት ከነገሥታቱ መቃብር ተከለከለች፤ በመጨረሻ በቶሩን በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን በ1636 ተቀበረች። ዕፅዋትን የምታጠና፣ ትልቅ የመድኃኒት ዕፅዋት መጽሐፍ እንዲታተም ገንዘብ የሰጠች ሴት ናት። በ1645 ንጉሥ አራተኛ ቭዋዲስዋቭ ካቶሊኮችን፣ ሉተራውያንንና ካልቪናውያንን በዚህችው ከተማ ሰብስቦ ለማስታረቅ ሞከረ። ለወራት ተከራክረው ሳይስማሙ ተለያዩ፤ ዘመኑ ግን ሌላው አውሮፓ በሃይማኖት ስም የሚተላለቅበት ስለነበር ሙከራው ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

መቻቻሉ በ1724 ተሰበረ። ለኢትዮጵያ ታሪክም እንግዳ ያልሆኑት ኢየሱሳውያን ካህናት በከተማዋ ኮሌጅ ነበራቸው፤ በአንድ የካቶሊኮች ዑደት ላይ የተነሣው ጠብ ተባብሶ የሉተራውያን ሕዝብ ኮሌጁን ዘረፈ። የንጉሡ ፍርድ ቤት ከንቲባው ሮስነር ሁከቱን አላስቆመም ብሎ ከዘጠኝ ሌሎች ሰዎች ጋር በታኅሣሥ በሞት ቀጣው፤ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያንም ለካቶሊኮች ተሰጠ። ነገሩ በመላው አውሮፓ ተሰማ፤ ለፕሩሲያም ፖላንድን የምትከስስበት ጥሩ ሰበብ ሆነላት።

ከፕሩሲያ እስከ ዛሬ

ፖላንድ በጎረቤቶቿ ስትከፋፈል ቶሩን በ1793 ለፕሩሲያ ደረሰች። በናፖሊዮን ዘመን ለጥቂት ዓመታት ወደ ዋርሶ መስፍናዊ ግዛት ተመለሰች፤ ከ1815 በኋላ ግን እስከ 1920 በፕሩሲያ እጅ ቆየች። ከተማዋ ለሩሲያ ድንበር ስለቀረበች ፕሩሲያ ዙሪያዋን በጠንካራ ምሽጎች አጠረቻት። ከቅጥሩ ውጭ በጠላት ጊዜ ቶሎ እንዲፈርስ ከእንጨት ማገር የተሠራ ቤት ብቻ ነበር የሚፈቀደው፤ የእነዚያ ቤቶች ቅሪት ዛሬም በቢድጎሽች መዳረሻ ሰፈር አለ። በዚሁ ዘመን ረቢ ጽቪ ሂርሽ ካሊሸር ከቶሩን ሆኖ አይሁድ ወደ እስራኤል ምድር ተመልሰው እንዲያርሱ ይጽፍ ነበር፤ ይህም ጽዮናዊነት እንደ ንቅናቄ ከመደራጀቱ በፊት ነው።

ናዚዎች በመስከረም 1939 ሲገቡ ምሽጎቹ እስር ቤትና የጦር ምርኮኞች ካምፕ ሆኑ። በዚያው መኸር በባርባርካ ጫካ በመቶ የሚቆጠሩ መምህራን፣ ካህናትና ሌሎች ዜጎች ተረሸኑ። ቀይ ጦር የካቲት 1 ቀን 1945 ሲገባ ሕንፃዎቹ በአብዛኛው ቆመው ነበር፤ የፈረሰው ሕዝቡ ነው። ጀርመናውያኑ ወጡ፤ ከምሥራቅ የተፈናቀሉ ፖላንዳውያን መጡ። ከቪልኖና ከልቮቭ ዩኒቨርሲቲዎች የተሰደዱ መምህራን በነሐሴ 1945 የኮፐርኒከስ ዩኒቨርሲቲን መሠረቱ። ከእነርሱ መካከል የቪልኖው የሥነ ፈለክ ሊቅ ቭዋዲስዋቭ ጄቩልስኪ ይገኝበታል። በዚህ ዩኒቨርሲቲ የተማረው አሌክሳንደር ቮልሽቻን ከካናዳዊው ዴል ፍሬይል ጋር በ1992 ከፀሐይ ሥርዓታችን ውጭ የመጀመሪያዎቹን የተረጋገጡ ፕላኔቶች አገኘ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ፒቭኒትሴ በምትባል መንደር የዩኒቨርሲቲው 32 ሜትር ስፋት ያለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ይሠራል።

በ2013 የተከፈተው አዲሱ የመኪና ድልድይ በከተማዋ ተወላጅ በኤልዝቢየታ ዛቫትስካ ስም ተሰይሟል። በጦርነቱ ጊዜ ከእንግሊዝ በፓራሹት ወደ ተያዘችው ፖላንድ ከወረዱት ልዩ ወታደሮች መካከል ብቸኛዋ ሴት ነበረች፤ በ2009 በቶሩን አረፈች።

ቶሩንና 45 ኪሎ ሜትር የምትርቃት ቢድጎሽች ጣውንት ናቸው። ከ1999 ጀምሮ በአንድ ክፍለ ሀገር ቢጠቃለሉም ዋና ከተማነቱን ተካፍለውታል፦ የመንግሥት ተወካይ ቢሮ በቢድጎሽች፣ የተመረጠው ምክር ቤት በቶሩን። በ2004 የቢድጎሽች የሕክምና ኮሌጅ በቶሩን ዩኒቨርሲቲ ሥር መግባቱ በቢድጎሽች ዛሬም ያስቆጫል። ጠቡ በግልጽ የሚወጣው ሁለቱም በሚያብዱለት የስፒድዌይ ሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም ነው።