አውራ ጣት በፊንገርስታይል ጊታር

ፊንገርስታይል የቀኝ እጅ ጣቶች ያለ ፒክ (ክር መምቻ ቁራጭ)፣ የጊታሩን ክሮች በየግላቸው እየነኩ የሚጫወቱበት ስልት ነው። በዚህ ስልት የጣቶቹ ድርሻ እኩል አይደለም። ሌሎቹ ዜማውን ይዘው ሲወጡና ሲወርዱ አውራ ጣት ቤዙን (ወፍራሙን ዝቅተኛ ድምፅ) እና ምቱን ይይዛል። ብቻውን የተቀመጠ ጊታሪስት ሁለት ሰው መስሎ የሚሰማውም በእሱ ምክንያት ነው። አማርኛ «አውራ» ብሎ የሰየመው ለጊታር አስቦ ባይሆንም ስሙ እዚህ ቦታ ልክ ገብቷል።

ባለ ስድስት ክር ጊታር በተለመደው ቅኝት ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ተብሎ ይቃኛል። ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 82 ጊዜ ያህል፣ ቀጭኑ 330 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ በሁለቱ መካከል ሁለት ኦክታቭ (ርግብግቢቱ ሁለት ጊዜ እጥፍ የሚሆንበት ርቀት) አለ። ክሮቹ የሚቆጠሩት ከቀጭኑ ጀምሮ ነው። በተለመደው ክፍፍል 6ኛው፣ 5ኛውና 4ኛው ክር የአውራ ጣት ናቸው፤ 3ኛው የሌባ ጣት፣ 2ኛው የመሃል ጣት፣ 1ኛው የቀለበት ጣት። ትንሿ ጣት አብዛኛውን ጊዜ ሥራ የላትም። የክላሲካል ጊታር ኖታዎች ጣቶቹን የሚያመለክቱት ፑልጋር፣ ኢንዲሴ፣ ሜዲዮ እና አኑላር በሚሉት የስፓኒሽ ስሞቻቸው የመጀመሪያ ፊደል ነው። ክፍፍሉ ግን መነሻ እንጂ አጥር አይደለም፤ ኮርዱ (አብረው የሚሰሙት ድምፆች ስብስብ) ከጠየቀ አውራ ጣት 3ኛው ክር ላይ ይወርዳል።

ለዚህ ሥራ የተመረጠው በጉልበቱ ብቻ አይደለም። ሌሎቹ ጣቶች ክሩን ወደ መዳፍ ሲስቡ አውራ ጣት በተቃራኒው ወደ ታች ይገፋል፤ ስለዚህ ቤዝና ዜማ በአንድ ቅጽበት ሲመቱ አይጋጩም። እንቅስቃሴው የሚነሳው ከጫፉ አንጓ ሳይሆን የእጅ አንጓ አጠገብ ካለው መገጣጠሚያ ነው። ጫፉን እያጠፈ የሚመታ ሰው ቶሎ ይደክመዋል፤ ከዚያም በላይ አውራ ጣቱ መዳፉ ውስጥ እየገባ ሌባ ጣቱን ይገጫል። መፍትሔው ከጎን ሲታይ አውራ ጣት ከሌሎቹ ቀደም ብሎ ወደ ጊታሩ አንገት እንዲያዘነብል ማድረግ ነው።

ብዙ ሰው ፊንገርስታይል ሲል በልቡ ያለው ተለዋዋጭ ቤዝ ነው። በአራት ምት ሙዚቃ አውራ ጣት በእያንዳንዱ ምት ላይ ይወድቃል፤ ነገር ግን ክር ይለዋውጣል። በሲ ሜጀር ኮርድ 5፣ 4፣ 6፣ 4፤ በጂ 6፣ 4፣ 5፣ 4፤ በዲ ደግሞ 4፣ 3፣ 5፣ 3 ሊሄድ ይችላል። የመጀመሪያው ምት ብዙ ጊዜ የኮርዱ መሠረት ድምፅ ነው። ሌሎቹ ጣቶች አንዳንዴ ከምቱ ጋር አብረው ይወርዳሉ፣ ሌላ ጊዜ «አንድ እና ሁለት እና» ተብሎ ሲቆጠር «እና»ው ላይ ይገባሉ። ሌባ ጣት በሁለት ምት መካከል ሹልክ ብሎ ገብቶ ሲወጣ ስሙን ያጸድቃል። ያ ሹልክታ ግን የሚጥመው አውራ ጣቱ ካልተናወጠ ብቻ ነው፤ እሱ ከተንገዳገደ ጆሮ የሚይዘው ምት ያጣና ሁሉም ስህተት መስሎ ይሰማል።

ስለዚህ ጀማሪዎች ዜማውን አጥንተው ቤዙን በኋላ መጨመራቸው፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ የተገላቢጦሽ መንገድ ነው። ቀድሞ አውራ ጣትን ብቻውን፣ ኮርድ እየቀያየሩ፣ ወሬ እያወሩ እንኳ እስኪሄድ ድረስ ማለማመድ ይሻላል። ከዚያ በአንድ ዙር አንድ የዜማ ድምፅ ብቻ፣ መጀመሪያ ከምቱ ጋር፣ ቀጥሎ ከምቱ ውጪ ይጨመራል። ይህ የልምምድ ወቅት አሰልቺ መሆኑን መካድ አይቻልም።

የተለዋዋጭ ቤዝ ስልት በስም የሚታወቀው በአሜሪካዊው ጊታሪስት መርል ትራቪስ ነው። ትራቪስ እ.ኤ.አ. በ1917 ኬንታኪ ውስጥ ተወለደ፤ ስልቱን ግን አልፈለሰፈውም። በአካባቢው ከጥቁሩ ጊታሪስት አርኖልድ ሹልትዝ ተነስቶ በኬነዲ ጆንስ በኩል ለሞዝ ሬገርና ለአይክ ኤቨርሊ ደርሷል፤ ትራቪስ የተማረውም ከእነዚህ ነው። እሱ የሚጫወተው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ብቻ ነበር። ሌላው ጊታሪስት ቼት አትኪንስ በወጣትነቱ በሬዲዮ ሲሰማው ያን ሁሉ ድምፅ በሁለት ጣት ያመጣዋል ብሎ አልገመተም፤ ስለዚህ ብዙ ጣት እየጨመረ ሊመስለው ሲጥር የራሱን ስልት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1928 ሸክላ ያስቀረጸው ሚሲሲፒ ጆን ኸርትም በዚያው ተለዋዋጭ ቤዝ ላይ ለስላሳ ብሉዝ ይጫወት ነበር።

ሁሉም ግን ክር አይለዋውጥም። እንደ ላይትኒን ሆፕኪንስ ያሉ የቴክሳስ ብሉዝ ተጫዋቾች አውራ ጣታቸው ብዙ ጊዜ አንዱን ቤዝ ክር ደጋግሞ ይመታል፤ ድምፁ ደረቅና እልኸኛ ነው። የካንትሪ ጊታሪስቷ ሜይቤል ካርተር ዜማውን ራሱን ለአውራ ጣት ሰጥታ በወፍራሞቹ ክሮች ላይ ስታስኬድ፣ ሌባ ጣቷ በቀጭኖቹ ላይ ምት ይጠብቅ ነበር። የጃዝ ጊታሪስቱ ዌስ ሞንትጎመሪ ሌሎቹን ጣቶች ትቶ በአውራ ጣቱ ሥጋ ብቻ ተጫወተ፤ ወፍራምና ሞቅ ያለ ድምፁም ከዚያ ይመነጫል። የኮንጎው ዣን ቦስኮ ምዌንዳ እንደ ትራቪስ ሁለት ጣት ይዞ ፍጹም ሌላ ሙዚቃ ሠራ። በስፔኑ ፍላሜንኮ ሙዚቃ ደግሞ አልዛፑዋ በሚባለው ዘዴ አውራ ጣት እንደ ፒክ ወደ ታችም ወደ ላይም ይመታል።

ከሁሉም የሚያስገርመው የአሜሪካዊቷ ጊታሪስት የኤልዛቤት ኮተን ጉዳይ ነው። ግራኝ ስለነበረች ለቀኝ የተቀኘውን ጊታር ገልብጣ ያዘችው። ወፍራሞቹ ክሮች ከታች ሆኑ፤ ቤዙን ሌባ ጣቷ፣ ዜማውን አውራ ጣቷ ያዘ። የቤዙ ባለቤት አውራ ጣት ነው የሚለው ደንብ በእሷ እጅ ተገለበጠ፣ ምቱ ግን አልተናወጠም።

የድምፁ ቀለም ክሩን በሚነካው ነገር ይወሰናል። ሥጋ ለስላሳና ድብን ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ጥፍር ጥርት ያደርገዋል፤ የክላሲካል ተጫዋቾች ብዙ ጊዜ ሁለቱን ያቀላቅላሉ። እንደ ቀለበት የሚጠለቀው የአውራ ጣት ፒክ ጉልበት ይጨምራል፣ በተለይ በብረት ክር ላይ፤ ነገር ግን ሳይታሰብ ከፍ ብሎ ዜማውን ሊውጠው ይችላል። ለዚህ የትራቪስ ወገኖች የመዳፋቸውን ጠርዝ ድልድዩ (ክሮቹ በጊታሩ ሆድ ላይ የሚያርፉበት) አጠገብ በቤዝ ክሮቹ ላይ አሳርፈው ድምፁን ያፍኑታል። ቤዙ ዱም ዱም እያለ አጭር ሲሆን፣ ሳይታፈን የቀረው ዜማ ከላይ ይዘምራል።

የግራ እጅ አውራ ጣትም አንዳንዴ ይገባበታል። የክላሲካል ትምህርት ከአንገቱ ጀርባ እንዳይወጣ ያዛል፤ ትራቪስ ግን በአንገቱ ላይ አሻግሮ 6ኛውን ክር፣ አንዳንዴም 5ኛውን ይጫን ነበር። በዚህ መንገድ አራቱ ጣቶች ለዜማው ነፃ ይሆናሉ። እጁ ትንሽ ለሆነ ወይም ሰፊ አንገት ያለው ጊታር ለያዘ ሰው ግን የሚመች መንገድ አይደለም።