ስለ ካማኪያ ቤተ መቅደስ የሚባለውና እውነታው

በሰሜን ምሥራቅ ህንድ፣ በአሳም ግዛት፣ ብራህማፑትራ ወንዝን ቁልቁል በሚያየው የኒላቻል ኮረብታ ላይ ካማኪያ የተባለችው እንስት አምላክ ቤተ መቅደስ አለ። ስለ ሂንዱ እምነት ከሩቅ የሰማነው ብዙ ነገር እዚህ ቦታ ላይ ይፈርሳል።

«የሂንዱ አምላክ ያለ ሐውልት አትመለክም።» ካማኪያ ዘንድ በውስጠኛው መቅደስ ሐውልት የለም። ምእመኑ ደረጃ ወርዶ ዋሻ ወደሚመስል ጨለማ ክፍል ይገባል። የሚሳለመው የሴት ብልት ተደርጎ የሚታይ የዓለት ስንጥቅ ነው፤ ከሥሩ በሚመነጭ ውኃ ሁልጊዜ እንደራሰ ነው። ሺቫ የተባለው አምላክ የሚስቱን የሳቲን አስከሬን ተሸክሞ በሐዘን ሲንከራተት ሌላው አምላክ ቪሽኑ ሬሳውን ቆራረጠው፤ ያ የአካሏ ክፍል የወደቀው እዚህ ነው ይላል አፈ ታሪኩ።

«የወር አበባ በሂንዱ ዘንድ ርኩሰት ብቻ ነው።» ሙሉ ሐሰት አይደለም፤ በወር አበባ ላይ ያለች ሴት የማትገባባቸው ቤተ መቅደሶች ብዙ ናቸው። ትልቁ የካማኪያ በዓል አምቡባቺ ግን የሚከበረው አምላኳ ራሷ የወር አበባ አየች ተብሎ ነው። (ተቃርኖውን ህንዳውያንም ይከራከሩበታል።) ጊዜው በእኛ አቆጣጠር ሰኔ አጋማሽ ግድም ነው። ምድርም አብራ ታርፋለች ስለሚባል ወጉን የሚጠብቅ ገበሬ አያርስም። ሰኔን ከበሬ ኋላ ያሳለፈ የአገራችን ሰው ይህ ምን ያህል ከባድ ትእዛዝ እንደሆነ ይገባዋል።

«ቤተ መቅደስ ሲዘጋ ተሳላሚ ይበተናል።» በአምቡባቺ በሩ ለ3 ቀን ይዘጋል፤ ሕዝቡ የሚጎርፈው ግን ያኔ ነው። ቀይ የለበሱ መናኞች፣ ከቤንጋል የመጡ አዝማሪዎች፣ ቤተሰቦች ኮረብታው ላይ እየዘመሩ ይጠብቃሉ። በሩ በ4ኛው ቀን ሲከፈት የምንጩ ውኃና የቀይ ጨርቅ ቁራጭ ይታደላል፤ ጨርቁን እንደ ክታብ የሚያስሩት አሉ። ወንዙ በእነዚያ ቀናት ደም ይሆናል የሚባለው ግን ተረት ነው።

«ሂንዱ ሥጋ አይበላም፣ ደምም አያፈስም።» ሥጋ የማይነኩ ሂንዱዎች ብዙ ናቸው፤ እዚህ ግን ፍየል ይሠዋል። የማይታረደው እንስት እንስሳ ነው።

ሕንፃው ከጥንት ጀምሮ ሳይነካ እንደቆመ የሚናገሩም አሉ። አምልኮው በእርግጥ ከሕንፃው ይቀድማል። የዛሬው ቤተ መቅደስ ግን ፈርሶ ከቆየ በኋላ ኮች የተባለው መንግሥት ንጉሥ በነበረው በናራናራያን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1565 እንደገና የተሠራ ነው።