የድረ ገጽ ደንበኝነትና የአውሮፓ ቫት፦ የሚባለውና እውነታው

አንድ ድረ ገጽ ለወር ደንበኝነት ከታክስ በፊት 8 ዩሮ ይጠይቃል እንበል። ስቶክሆልም የሚኖር ሰው ካርዱ ላይ 10 ዩሮ ይቆረጥበታል። ፍራንክፈርት ያለችው እህቱ 9 ዩሮ ከ52 ሳንቲም ትከፍላለች። ሉክሰምበርግ ያለ ሰው 9 ከ36፣ ቡዳፔስት ያለው ደግሞ 10 ከ16። የሚያነቡት ጽሑፍ አንድ ነው፣ የሚያዩት ቪዲዮም አንድ ነው። ልዩነቱን ያየ ሰው ቶሎ የሚለው «ተበላን» ነው። አልተበላችሁም። ግን ነገሩን አብራርቶ የሚነግር ስለማይገኝ የተሳሳተ ወሬ ሞልቷል። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ልውሰዳቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ጭማሪውን ድረ ገጹ ለራሱ ነው የሚወስደው»

ጭማሪው ቫት ነው። አገር ቤት ተጨማሪ እሴት ታክስ የምንለው ማለት ነው። ሻጩ ከእናንተ ተቀብሎ ለመንግሥት ያስገባል እንጂ ኪሱ አያስቀረውም። እንዲያውም ዋጋውን ለሁሉም አገር እኩል ያደረገ ሻጭ ልዩነቱን የሚሸከመው ራሱ ነው። ለሁሉም 10 ዩሮ ካለ፣ ከጀርመኑ ደንበኛ 8 ከ40 ይቀረዋል፤ ከስዊድኑ 8፣ ከሃንጋሪው 7 ከ87 ብቻ።

አንድ መብት ግን እወቁ። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ለግል ተጠቃሚ የሚሸጥ ሰው ታክሱን ጨምሮ ጠቅላላውን ዋጋ ከመክፈላችሁ በፊት ማሳየት አለበት። መጀመሪያ ርካሽ ዋጋ አሳይቶ፣ ካርዳችሁን ከመታችሁ በኋላ «ቫት» ብሎ የሚጨምር ድረ ገጽ ሕጉን አልጠበቀም። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን መጨረሻ ላይ ታክስ ሲደመር ማየት ለምደዋል፤ አውሮፓ ላይ ግን እንደዚያ አይሠራም።

«ታክሱ የሚታሰበው ድርጅቱ ባለበት አገር ሕግ ነው»

ይሄ አንድ ጊዜ እውነት ነበር፤ ለዚያም ነው ብዙ ሰው አሁንም የሚያምነው። እስከ 2014 መጨረሻ ድረስ ኅብረቱ ውስጥ ያለ ድርጅት ሌላ አባል አገር ላለ ግለሰብ ዲጂታል አገልግሎት ሲሸጥ የራሱን አገር ቫት ነበር የሚያስከፍለው። ሉክሰምበርግ ያኔ መደበኛ ምጣኔዋ 15 በመቶ ነበር፣ ከኅብረቱ ሁሉ ዝቅተኛው። አማዞንና አይቲውንስን ጨምሮ ትልልቆቹ የኢንተርኔት ሻጮች የአውሮፓ ቢሯቸውን እዚያ ከፍተው ነበር። ቡዳፔስት ሆኖ ሙዚቃ የገዛ ሰው የሚከፍለው ታክስ ሉክሰምበርግ ይገባ ነበር ማለት ነው። የሃንጋሪ መንግሥት አንድ ሳንቲም አያገኝም።

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2015 ጀምሮ ይሄ ተገለበጠ። አሁን ታክሱ የሚከተለው ገዢውን ነው። የምትኖሩበት አገር ምጣኔ ይታሰባል፣ ገንዘቡም ለምትኖሩበት አገር ይገባል። ሉክሰምበርግ የሚቀርባትን ገቢ በከፊል ለማካካስ በዚያው ዓመት ምጣኔዋን ወደ 17 አሳደገች። በእኔ እይታ አዲሱ ሕግ ከድሮው የተሻለ ፍትሐዊ ነው። ልጃችሁ የሚማርበትን ትምህርት ቤትና የምትሄዱበትን መንገድ የሚሠራው አገር ነው ገንዘቡን የሚያገኘው።

«ኅብረቱ አንድ ስለሆነ ታክሱም አንድ ነው»

ኅብረቱ የወሰነው መደበኛው ምጣኔ ከ15 በመቶ እንዳያንስ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው የየአገሩ ጉዳይ ነው። ጀርመን 19፣ ፈረንሳይ 20፣ ኔዘርላንድስ 21፣ ጣልያን 22፣ ስዊድንና ዴንማርክ 25 ያስከፍላሉ፤ ሃንጋሪ በ27 ትመራለች። አገሮች ይለዋውጡታልም። ጀርመን በኮሮና ጊዜ፣ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር 2020፣ ወደ 16 አውርዳ ነበር። ፊንላንድ በሴፕቴምበር 2024 ወደ 25.5 ወጣች። ስለዚህ ድረ ገጹ ዋጋ ሳይጨምር ሒሳባችሁ ሊቀየር ይችላል።

ሁሉም አውሮፓ ኅብረት አይደለም፤ ይሄም ይረሳል። ስዊዘርላንድ የራሷ 8.1 በመቶ አላት፣ ኖርዌይ 25፣ ብሪታንያ 20። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ምዝገባ አላቸው። የስፔን የሆኑት የካናሪ ደሴቶች ደግሞ ከኅብረቱ የቫት ክልል ውጭ ናቸው።

«ቪፒኤን ከፍቼ ሉክሰምበርግ ነኝ ብል ይቀንስልኛል»

ሻጩ የት እንደምትኖሩ ለማወቅ በመደበኛው ሁለት የማይቃረኑ ማስረጃዎች መያዝ አለበት። የሒሳብ አድራሻ፣ የኢንተርኔት አድራሻ፣ የባንክ ካርዱ የወጣበት አገር፣ የስልክ ሲም ካርዱ የአገር ኮድ፣ የመሳሰሉት ናቸው። ቪፒኤን፣ ማለትም የኢንተርኔት አድራሻችሁን የሌላ አገር የሚያስመስለው መሣሪያ፣ ከእነዚህ አንዱን ብቻ ነው የሚለውጠው። ካርዳችሁ የጀርመን ከሆነና አድራሻችሁም ጀርመን ከሆነ፣ ጀርመን ናችሁ። ለዕረፍት ሮም ብትሄዱም አይለወጥም፤ የሚታየው ቋሚ ኑሯችሁ ነው። በእውነት አገር ከቀየራችሁ ግን አካውንታችሁ ላይ አድራሻውን አስተካክሉ። ከስዊድን ወደ ጀርመን የተዛወረ ሰው ይሄን ካላደረገ የስዊድኑ 25 በመቶ ሊቀጥልበት ይችላል።

«ጋዜጣም ፊልምም ያው ኢንተርኔት ነው፤ ታክሱም ያው ነው»

ለረጅም ጊዜ እንዲያ ነበር፤ ብዙ ጋዜጠኛ ሲያማርርበት የኖረ ነገር ነው። የታተመ ጋዜጣ ቅናሽ ምጣኔ ያገኝ ነበር። ያው ጽሑፍ ድረ ገጽ ላይ ሲወጣ ግን ሙሉ ታክስ ይጣልበታል። ፈረንሳይና ሉክሰምበርግ ለኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት ቅናሽ ሲያደርጉ የኅብረቱ ፍርድ ቤት በማርች 2015 ሕግ ጥሰዋል ብሎ ፈረደባቸው። ሕጉ የተስተካከለው በ2018 መጨረሻ ነው፤ አባል አገሮች ለዲጂታል ጽሑፎችም ቅናሽ እንዲሰጡ ተፈቀደ። ጀርመን በዲሴምበር 2019 ለኦንላይን ጋዜጣና ለኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ 7 በመቶ አደረገች። ፈረንሳይ ለዜና ድረ ገጾች 2.1 ብቻ ታስከፍላለች። ብሪታንያ በሜይ 2020 ጭራሽ ዜሮ አደረገችው። ቅናሹ ግን ለሚነበብ ነገር ነው። በአብዛኛው ቪዲዮ ወይም ሙዚቃ የሆነ ደንበኝነት ጀርመን ላይ 19 በመቶውን ይከፍላል። ደረሰኛችሁ ላይ 7 ወይም 19 ይላል፤ እዩት።

«አዲስ አበባ ሆኜ ስሸጥ የአውሮፓ ታክስ አይመለከተኝም»

ይሄኛው ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። በአማርኛ ትምህርት፣ ዜና፣ መዝሙር ወይም የምግብ አሠራር ቪዲዮ አዘጋጅተው ለዲያስፖራው በወር ክፍያ የሚሸጡ ወገኖች እየበዙ ነው። ተመልካቾቻቸው ብዙ ጊዜ ስቶክሆልም፣ ፍራንክፈርት፣ ሮምና ለንደን ናቸው። ሥራውን የጀመረው ሰው ግን ታክስ ሲባል የሚያስበው የአገሩን ገቢዎች ብቻ ነው።

ከኅብረቱ ውጭ ያለ ሻጭ ለአውሮፓ ግለሰቦች ዲጂታል አገልግሎት ሲሸጥ ቫት እንዲሰበስብ የተደነገገው ገና ከጁላይ 2003 ጀምሮ ነው። «ትንሽ ነኝ» የሚለውም አያድንም። የ10,000 ዩሮ የዓመት ጣሪያ አለ ሲባል ትሰማላችሁ፤ እውነት ነው፣ ከ2019 ጀምሮ አለ። የሚጠቅመው ግን ኅብረቱ ውስጥ የተቋቋመውን ሻጭ ነው፤ ከጣሪያው በታች እስካለ ድረስ ለሌሎች አባል አገር ደንበኞቹም የራሱን አገር ቫት እንዲጠቀም ያስችለዋል። አዲስ አበባ፣ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ላለ ሻጭ ጣሪያ የለም። ከመጀመሪያው ደንበኛ ይጀምራል።

ደግነቱ 27 አገር መዞር የለባችሁም። ከኅብረቱ አገሮች አንዱን፣ ለምሳሌ አየርላንድን፣ መርጣችሁ አንድ ቦታ መመዝገብ ይቻላል። ከጁላይ 2021 ወዲህ «የአንድ መስኮት አገልግሎት» የሚባለው ሥርዓት ነው። በየሦስት ወሩ ስንት ከስዊድን፣ ስንት ከጣልያን እንደሸጣችሁ በዩሮ አሳውቃችሁ አንድ ላይ ትከፍላላችሁ። የመረጣችሁት አገር ለሌሎቹ ያከፋፍላል። ሩብ ዓመቱ ካለቀ በኋላ ያለው ወር መጨረሻ የመጨረሻው ቀን ነው። ምንም ባትሸጡም ዜሮ ብላችሁ ማሳወቅ አለባችሁ። መዝገቡን 10 ዓመት አስቀምጡ። ብሪታንያ እዚህ ውስጥ የለችም፤ ለለንደን ደንበኞች የብሪታንያ ምዝገባ ለብቻው ነው።

ይሄ የአውሮፓ ጫና ብቻ አይምሰላችሁ። ኢትዮጵያም በ2024 ባወጣችው በአዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ከውጭ ሆነው በኢንተርኔት የሚሸጡትን አካታለች፤ መደበኛው ምጣኔ 15 በመቶ ነው።

በአፕ ስቶር ወይም በጎግል ፕሌይ በኩል የምትሸጡ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። መተግበሪያ መደብሩ ራሱ እንደ ሻጭ ይቆጠርና ቫቱን እሱ ያስገባል። ፌኒክስ ኢንተርናሽናል የተባለ፣ ሌሎች ሰዎች ቪዲዮ የሚሸጡበትን የኢንተርኔት መድረክ የሚያስተዳድር የእንግሊዝ ድርጅት ታክሱ የራሱ 20 በመቶ ኮሚሽን ላይ ብቻ መታሰብ አለበት ብሎ ተከራክሮ ነበር። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2023 ሕጉ የጸና ነው አለ፤ ታክሱ ተመልካቹ በከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ ላይ ነው።

የተቀረጸ ኮርስና ቀጥታ ትምህርትን አንድ አድርጎ ማየትም ስህተት ነው። ተቀርጾ የተቀመጠ የአማርኛ ኮርስ፣ ልጁ ገብቶ በራሱ ጊዜ የሚያየው፣ ዲጂታል አገልግሎት ነው። አስተማሪዋ በቪዲዮ ጥሪ ፊት ለፊት ስታስተምር ግን ሰው የሚሰጠው አገልግሎት ነውና የራሱ ሕግ አለው። ከእያንዳንዱ አገር የትምህርት ነፃነት ጋር ስለሚገናኝ ባለሙያ ማማከር ያዋጣል።

«ለድርጅቴ ስገዛም ቫቱን ጨምሬ ነው የምከፍለው»

የተመዘገበ የቫት ቁጥር ያለው ድርጅት ከሌላ አገር ሻጭ ሲገዛ ቁጥሩን ሞልቶ ያለ ቫት ይገዛል፤ ታክሱን ራሱ በአገሩ መዝገብ ያሳውቃል። ቁጥሩ ትክክል መሆኑ ቪስ (VIES) በሚባለው የኅብረቱ የኢንተርኔት ማጣሪያ ይረጋገጣል። የምግብ ቤት ወይም የሒሳብ ቢሮ ያላችሁ፣ ለሶፍትዌር ስትመዘገቡ ያንን ሳጥን ባዶ አትተዉት።

«መዋጮ ብዬ ካስከፈልኩ ታክስ የለበትም»

ከልብ የተሰጠ፣ ምላሽ የሌለው ስጦታ ቫት የለበትም። በወር 5 ዩሮ «ላዋጣ» ሰው ብቻ የሚከፈት ቪዲዮ ካለ ግን ደንበኝነት ነው፤ ስሙ ምንም ይሁን። የሚታየው ለገንዘቡ በምላሹ የተሰጠ ነገር መኖሩ ነው። ቪዲዮው ለሁሉም ክፍት ሆኖ የፈለገ ቢረዳችሁ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ መዋጮ መዋጮ ነው።