ብሬል በጅማ፦ ሦስት ቋንቋ በስድስት ነጥብ

ብሬል ዓይነ ስውራን በጣታቸው ዳስሰው የሚያነቡት ጽሑፍ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1824 ቀረጸው። መሠረቱ ስድስት ነጥብ ብቻ ነው። ነጥቦቹ እየተቀያየሩ 63 ምልክት ይወጣቸዋል።

ጅማ ላይ የሚማር ዓይነ ስውር ልጅ ሥራው ድርብርብ ነው። አፋን ኦሮሞን በቁቤ፣ አማርኛን በፊደል፣ እንግሊዝኛን በላቲን ይማራል። ሦስቱም ጣቱ ላይ ይመጡበታል። ደግነቱ ነጥቦቹ ዘመዳሞች ናቸው። የአማርኛው «ብ» እና የላቲኑ «ቢ» አንድ ዓይነት ናቸው፤ «ል» እና «ኤል»ም እንዲሁ። አማርኛው የሚለየው በአናባቢው ነው። «ቡ» በዓይን አንድ ፊደል ናት። በብሬል ግን «ብ» እና «ኡ» ለየብቻ ይጻፋሉ። ስለዚህ ጽሑፉ ይረዝማል።

የሚጻፈው ወረቀት በሚይዝ ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ (ስሌት) እና በሹል መውጊያ (ስታይለስ) ነው። ወፍራም ወረቀት ስሌቱ መሀል ይገባል። ከዚያ በስታይለሱ ከቀኝ ወደ ግራ እየተወጋ ይጻፋል። ወረቀቱ ሲገለበጥ ነጥቦቹ ጎላ ብለው ይወጣሉ፤ ያኔ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባሉ። ልጁ እያንዳንዱን ፊደል በግልባጩ እያሰበ ነው የሚጽፈው ማለት ነው! ፐርኪንስ የሚባለው መጻፊያ ማሽን ይህን ጣጣ ያስቀራል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም።

ትልቁ ችግር መጽሐፍ ነው። አንድ የመማሪያ መጽሐፍ በብሬል ሲዘጋጅ ብዙ ጥራዝ ይሆናል፤ በቦርሳ ተይዞ አይኬድም። የማራኬሽ ስምምነት የሚባለው ዓለም አቀፍ ውል ዓይነ ስውራን የሚያነቡት ቅጂ ያለ ቅጂ መብቱ ባለቤት ፈቃድ እንዲዘጋጅ ይፈቅዳል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2020 ተቀላቅላዋለች። ወረቀቱን፣ ማተሚያውንና ባለሙያውን ግን ሕግ ብቻውን አያመጣም።

«ስልኩ ያነብለት የለ እንዴ?» የሚሉ አሉ። ስልክ በእርግጥ ብዙ አቅልሏል። ቢሆንም የሚያዳምጥ ልጅ ቃሉ እንዴት እንደሚጻፍ፣ አራት ነጥቡ የት እንደሚያርፍ አያይም። ሂሳብማ በጆሮ ብቻ እንዴት ይዘለቃል? ማንበብና መጻፍ የሚባለው ለእሱ ብሬል ነው።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ያስተምራል። ከተማዋ እንዲህ ያለ ተቋም በደጇ ማግኘቷ ዕድል ነው። ምክንያቱም ክፍል ውስጥ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ብሬል የሚያነብ መምህር ነው። መምህሩ ካላነበበው፣ ልጁ በስታይለስ የደከመበት የፈተና ወረቀት መጀመሪያ ሌላ ሰው ወደ ፊደል እስኪገለብጥለት ይጠብቃል። ጓደኞቹ ውጤታቸውን ይዘው ቤት ገብተዋል፤ እሱ ገና ተራ እየጠበቀ ነው።